ቁልፍና ቁልፍ

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት። ሬጂና። ጥር።
ቅዝቃዜው የአፍንጫዬን ፀጉር ያደርገዋል የሽቦ አጥር።
መኪናው በኤሌክትሪክ ገመድ፣ እንደ በቅሎ፣ በር ላይ ታስሮ አድሯል፤
እሱ ሲሞቅ ያድራል፤ እኔን ማን ያሞቀኛል?

ገመዱን ነቅዬ ገባሁ። ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረገጥኩት።
ቁልፉን አዞርኩት።
ዝም።
ደግሜ ረገጥኩ፣ ደግሜ አዞርኩ፤ ክሩስኮቱ በርቷል፣ ሬዲዮው ያወራል፤
ሞተሪኖው ብቻ፣ እንደ ተቀየመ አማች፣ ፊቱን አዙሮ ዝም ብሏል።

የአረጋውያኑ ቤት ፈረቃዬ ሊጀምር ነው።
ወይዘሮ ኦልጋ ካልሲ ለማጥለቅ እግሯን የምትሰጠው
ለእኔ ብቻ ነው።

ይርዳው ጋ ደወልኩ። ተንደር ቤይ ላይ፣ ከባድ መኪናው ውስጥ ተኝቷል።
«ፍሪሲዮኑን ረግጠሻል?»
«ረግጫለሁ።»
«እስከ መጨረሻው?»
«እስከ መጨረሻው።»
«እስቲ እንደገና፣ ጠበቅ አድርገሽ…»
እናቱ ስም ስታወጣ ስለ እኔ አላሰበችም፤
ይርዳው አለች እንጂ፣ ይርዳት አላለችም።

ባትሪ ነው አለ፤ ገዛሁ፤ መቶ ሰማንያ ዶላር።
ሞተሪኖ ነው አለ፤ ያም ተገዛ፤ ዕዳዬ ሆነ እንደ ደጄ የበረዶ ክምር።
እኔ ግን እግሬ እዚያው ነው፤ ረግጫለሁ፣ ረግጫለሁ እያልኩ
ሰውም ብረትም ሳያምነኝ ሰነበትኩ።

ልጄ ኖላዊ፣ አሥራ ስድስት ያልሞላው፣ ከፔዳሉ ሥር ተንጋሎ ገባ፤
ሁለት ሽቦ በወረቀት ማያያዣ አጋብቶ ወጣ፣ ትከሻው ላይ የአቧራ ካባ።
«አሁን አይጠይቅሽም» አለኝ፤ «ብትረግጪም ባትረግጪም ይነሳል።»
ተነሳ። አለመጠየቅ እንዴት ያስደስታል!

ሳምንት ነዳሁ ማንም ሳይጠረጥረኝ።
በስምንተኛው ንጋት ልጁ ሊያሞቅልኝ
በሩን ከፍቶ፣ ሁለት እግሩ በረዶ ላይ፣ ቁልፉን ጠመዘዘ።
የእጅ ፍሬኑ በብርድ ስለሚጣበቅ ማርሽ አስገብቼ ነው የማቆመው፤
መኪናው እንደ ፍየል ዘለለ፣ የጎረቤትን አጥር ይዞ ፈዘዘ።
የበሩ ጠርዝ ልጄን ክምሩ ላይ አንጋለለው።
ሮጥኩ። ይስቃል። እግሮቹን ቆጠርኩ። ሁለት።
ደግሜ ቆጠርኩ። ሁለት።

ያን ማታ ማያያዣውን ነቅዬ ጣልኩ።
ይጠይቀኝ አልኩ።
ማንንም ከሚያስገባ ዘበኛ፣ እኔንም የሚጠረጥር ይሻለኛል፤
ግን ስረግጥ እያየ ለምን ይክደኛል?

ራሴ ገባሁ። ጀርባዬ ምንጣፉ ላይ፣ እግሮቼ ደጅ፣ የእጅ ባትሪ በጥርሴ፤
ብርዱ በካልሲዬ በኩል ሽቅብ ሲመጣ እስከ ነፍሴ።
ምንጣፉ ላይ ፍርፋሪ አገኘሁ፤ ጥቁር፣ እንደ ኑግ።
የላስቲክ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ከፔዳሉ ጋር ሲረገጥ ኖሮ፣ አንድ ቀን፣ ሳይናገር፣ ብትንትን።
እሱ በነበረበት ቀዳዳ አለ፤ የሸሚዝ ቁልፍ አይሞላም፤
ትንሿ ማብሪያ ጣቷን ቀስራ ትጠብቃለች፤ ፔዳሉ ሲመጣ
ጣቷ በቀዳዳው ታልፋለች፤ ማንም አይነካትም።
ለካ አልካደችኝም።
ያልደረሳትን ነው አልደረሰኝም ያለች።
ስንት ሌሊት ሰደብኳት!

የካፖርቴን ሦስተኛ ቁልፍ፣ ትልቁን፣ ክሩን በጥርሴ በጠስኩ፤
ቀዳዳው ላይ በቀጭን ሽቦ፣ እንደ ልብስ፣ ሰፋሁ፣ አጠበቅኩ።
ረገጥኩ።
ቀጭ።
ይህቺን ድምፅ ለካ ስንት ዓመት ስሰማት ኖሬ አላውቃትም ነበር።

ካፖርቴን በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት፤ ብርዱ በመሀል ይገባል፤ ይግባ።
ይርዳው ደወለ። «ምን ነበር?»
«ቁልፍ» አልኩት።
«ቁልፉማ ይሠራ ነበር እኮ! ደግሞ ፍሪሲዮኑን…»
መልስ አልሰጠሁም። ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠግቼ አሰማሁት፣
እስኪበቃው አሰማሁት።
ከዚያ ማርሽ አስገባሁ። ወይዘሮ ኦልጋ አልጋዋ ጠርዝ ላይ
ባዶ እግሯን ዘርግታ እየጠበቀችኝ ነው።